ሰኔ ሳይገባ እንዲደርስሽ

ግንቦት 18

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ለደብዳቤዎችሽ መልስ ሳልጽፍልሽ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሰበብ ብደረድር ጥፋቴን ማብዛት ስለሚሆንብኝ ይቅርታሽን ብቻ እለምናለሁ። የሆድ የሆዳችንን ሌላ ቀን እናወራዋለን። አሁን ያስቸኮለኝ «ጽጌረዳዎቼ ባለፈው ነሐሴ ለምን ቢጫ ሆኑ?» ያልሽው ጥያቄሽ ነው፤ ሰኔ በሩ ላይ ቆሟል፣ በዚህ ሳምንት ያልተሠራ ሥራ ደግሞ እስከ መስከረም አይሠራም።

ከኢንተርኔት ያነበብሽው ምክር ስህተት የለበትም፤ ችግሩ የተጻፈው ለሌላ ሰማይ መሆኑ ነው። «በክረምት መጨረሻ ግረዢ፣ የተዳቀለበትን ቦታ በአፈር ቅበሪ» የሚሉት የእነሱ ክረምት በረዶ ስለሆነ ነው። የእነሱ ጽጌረዳ በብርዱ ይተኛል፤ የአዲስ አበባ ጽጌረዳ አይተኛም። እኛ ጋ ዓመቱን የሚከፋፍለው ዝናብ ነው። በጥማት ከሚሞተው አበባ ይልቅ በሐምሌ ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኖ የሚሞተው ይበዛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከመትከልሽ በፊት ቆፍሪ። 40 ሳ.ሜ. ጥልቀትና 40 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጉድጓድ አውጪና ውሃ ሙዪው። ሲሰርግ እንደገና ሙዪው። መቁጠር ያለብሽ ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ውሃማ ደረቅ አፈር ሁሉ ይጠጣዋል። ሁለተኛው በ4 ሰዓት ውስጥ ካልሰረገ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አይተከልም። ቦሌና አቃቂ በኩል ብዙው መሬት መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ይይዛል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እንጦጦ ግርጌ ያሉት በቀይ አፈራቸው ከዚህ ጣጣ ይድናሉ። የአንቺው በደብዳቤሽ እንደገለጽሽው ከሆነ መረሬ ነው ብዬ እፈራለሁ።

መረሬ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራቸው ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው ጥቂት አሸዋ መቀላቀል ነው። ጥቂት አሸዋና ሸክላ አፈር አንድ ላይ ሲደርቁ ጡብ ይወጣቸዋል። የሚያላላው የተብላላ ፍግና ብስባሽ ነው። ሁለተኛው ጉድጓዱ ሥር ጠጠር መደልደል ነው፤ ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ ጠጠሩ የውሃ ማጠራቀሚያ እንጂ ማፍሰሻ አይሆንም። መድኃኒቱ ወደ ላይ መውጣት ነው። 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው መደብ ሥሪ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያዢው። ከሁለት ወገን የምትደርሺበት ከሆነ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ከ60 ሳ.ሜ. አይለፍ፣ አለበለዚያ ለማረም ስትገቢ የለሰለሰውን አፈር መልሰሽ ትረግጪዋለሽ። መሙያው ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፍግ ነው። ፍጉ ቢያንስ አራት ወር የተብላላ ይሁን፤ እጅሽን ስትከቺበት ካልሞቀሽ፣ ስታሸቺውም የጫካ አፈር ከሸተተሽ ደርሷል። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል።

መደቡን ከግንቡ 50 ሳ.ሜ. አርቂው። ግንበኞች የተረፋቸውን ሲሚንቶና ኖራ የሚቀብሩት አጥር ሥር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ ባለፈው ነሐሴ ጽጌረዳዎቹ ለምን ቢጫ ሆኑ? ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የቱ እንደነበር ስላልጻፍሽልኝ ሦስቱንም ልንገርሽ። ቢጫው ከታች ቅጠሎች ጀምሮ፣ መሃሉ ላይ ዳሩ የተተለተለ ጥቁር ነጠብጣብ ካለውና ቅጠሉ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ የሻጋታ በሽታ ነው። የሻጋታው ዘር እንዲበቅል ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ይህን ያለ ስስት ይሰጠዋል። ቢጫው ከላይ አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ሆኖ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ጥፋቱ የኖራው ነው፤ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ተክሉ ሊወስደው አልቻለም። አፈሩ ርሶ ሳለ መላው ተክል ውሃ እንደጠማው ጠውልጎ ከገረጣ ግን ሥሩ ታፍኗል። ብዙ ሰው ይህን ሦስተኛውን አይቶ ውሃ ይጨምርለታል፤ መግደያው ይኸው ነው።

ለመጀመሪያው፣ የረገፈውን ቅጠል በየሁለት ቀኑ ልቀሚ። ብስባሽ ውስጥ አታግቢው፤ ኅዳር ሲታጠን ይቃጠላል ብለሽም ጥግ አትከምሪው፤ እስከዚያ ወራት ሙሉ በሽታ እያራባ ይቆይሻል። በፌስታል ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ። በሁለት ጽጌረዳ መካከል 70 ሳ.ሜ. ተዪ፤ ንፋስ ሲገባ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ከማያገኝ ቦታ ደግሞ ባትተክዪው ይሻላል፤ ለዚያ ጥላ ካላ ሊሊ አለልሽ። እሷ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር እየተንጠባጠበባት ትወፍራለች።

የተዳቀለ ጽጌረዳ፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጋጠመ፣ ስትተክዪ ግንዱ ሥር ያለው እብጠት ከአፈሩ በላይ ሦስት ጣት ያህል ይታይ። እኛ ጋ መሬት የሚያደርቅ በረዶ ስለሌለ መቅበሩ ትርፉ መበስበስ ነው። ከእብጠቱ በታች የሚወጣ ቀንበጥ የመሠረቱ ተክል እንጂ የአበባሽ አይደለም፤ ከቆረጥሽው ከጉቶው ሦስት ሆኖ ይመለሳል፣ ስለዚህ አፈሩን ገለጥ አድርገሽ ከመነሻው ገንጥዪው።

በሐምሌና በነሐሴ እጅሽን ሰብስቢ። አትግረዢ፣ ቁስሉ በዝናብ ይመረዛል። ዩሪያም አትጨምሪ፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ሥራሽ ማረምና ቀንድ አውጣ መልቀም ይሁን። ዛጎል የሌለው ልጥልጡ ቀንድ አውጣ ደግሞ ጠላ ይወዳል፤ የቆርቆሮ ጣሳ አፉ ከመሬት ሁለት ሳ.ሜ. ከፍ እንዲል አድርገሽ ቅበሪና ግማሹን ጠላ ሙዪው። ጠዋት ሰክረው ሞተው ታገኚያቸዋለሽ። ከፍ የምታደርጊው ጠቃሚዎቹ ጥንዚዛዎች አብረው እንዳይገቡ ነው።

ትልቁ ግረዛ ጳጉሜ ላይ ነው። ለምን እንቁጣጣሽ እንዲደርስ አናደርገውም ትይኝ ይሆናል። በአዲስ አበባ ብርድ ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ እስኪያብብ ስምንት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ለመስከረም 1 ለማድረስ ዶፉ መሃል መቁረጥ ሊኖርብሽ ነው። እንቁጣጣሽን ለአደይ ተዪላት። በጳጉሜ የተገረዘ ጽጌረዳ በጥቅምት መጨረሻ ይፈካል፤ ዘመነ ጽጌ የሚባለውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ነውና አላፈርንም። ከዚያ በኋላ ከምትፈልጊው በዓል ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ እየቆጠርሽ መቁረጥ ትችያለሽ፤ ለገና የጥቅምት ማብቂያ ማለት ነው። የሆለታና የባቱ አበባ እርሻዎችም ለየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን የሚያደርሱት በዚሁ ስሌት ነው፤ ባቱ ሞቃታማ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ ሆለታ ይዘገያል፣ በምትኩ ራሱ ይተልቃል።

ሲገረዝ እንዲህ ነው፦ መቀሱን በበረኪና ውሃ ጥረጊው። መጀመሪያ የሞተውን፣ ከዚያ ወደ መሃል ገብቶ እርስ በእርሱ የሚፋተገውን አውጪ። አራት ወይም አምስት ጠንካራ ግንድ ይቅር፣ ቁመቱ ጉልበትሽ ድረስ። አሁን ጎንበስ በይና ግንዱን እዪ፤ ቅጠል የነበረበት ቦታ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀላ ያለች ዓይን አለች። ወደ ውጭ የምትመለከተዋን ምረጪ፤ ከእሷ ግማሽ ሳ.ሜ. በላይ፣ ዘቅዛቃው ከዓይኗ በተቃራኒ እንዲወርድ አድርገሽ ቁረጪ። በጣም ከራቅሽ ጉቶው ይደርቅና ወደ ታች ይሞታል፤ በጣም ከቀረብሽ ዓይኗ ራሷ ትደርቃለች። የቆረጥሽው መሃሉ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፤ ቡና ዓይነት ከሆነ ነጭ እስክታገኚ አንድ ዓይን ወደ ታች ውረጂ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ጽጌረዳም ጥቅምት ላይ መመገብ ይወዳል። በአንድ ተክል አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ፣ ከግንዱ 20 ሳ.ሜ. ርቆ፣ እርጥብ አፈር ላይ፤ ወዲያው አጠጪው። ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጠሉ ይለሰልስና ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ይጠራብሻል። ጉንዳን ግንዱን ሲመላለስበት ካየሽ እምቡጡ ሥር ተመልከቺ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፍለጋ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የእጅ ሳሙና በጥብጠሽ ምሽት ላይ እርጪ፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ግን ቅጠል ይልጣል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ደግሞ ቅጠል ላይ ዱቄት የነሰነሱ የሚመስለውን ነጭ በሽታ ያመጣል። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ፣ በየሳምንቱ፤ ገና ሲጀምር ከደረሽበት ይይዘዋል፣ ከተንሰራፋ በኋላ ግን ወተቱን ለሻይሽ አስቀምጪው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ በሌለበት ሌሊት ውርጭ ከፈራሽ በጆንያ ሸፍኚ፤ ላስቲክ ቅጠል በነካበት ቦታ ያስመታዋል። ረፋድ ላይ አንሺው።

በበጋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቀኑ አንድ ኩባያ ማርከፍከፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ላይ ላዩን ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ላይ ይመጣና በአንድ ቀን ፀሐይ ይጠወልጋል። ለአንድ ጽጌረዳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ እያልሽ ሥሩ ላይ አጠጪ። ሩዝና አትክልት ያጠብሽበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት አይሆንም። መደቡን አራት ጣት ውፍረት ባለው የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። የቡና አተላ ስስ አድርጎ መበተን እንጂ መከመር የለበትም፤ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ቅርፊት ይሠራል።

ቡገንቪላን ተዪያት። የምታብበው ስትጠማ ነው፤ ውሃ የጠገበች ቡገንቪላ ቅጠልና እሾህ ብቻ ትሰጥሻለች።

ጄራኒየም ከመስከረም ማብቂያ በኋላ በቁራጭ ይባዛል፦ የመሃል ጣትሽን አንድ ተኩል እጥፍ የሚረዝም ቁራጭ ውሰጂ፣ የታች ቅጠሎቹን አራግፊ፣ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ቁስሉ ይድረቅ፣ ከዚያ አሸዋ ውስጥ ሰክተሽ ሦስት አራት ሳምንት ጠብቂ። ላስቲክ አታልብሺው፤ እግሩ ጠቁሮ ይበሰብሳል።

አደይን ከወደድሽ ዘሯን ከደረቀ አበባ ኅዳር ላይ ልቀሚና ሰኔ ሲገባ አፈሩን ጫር ጫር አድርገሽ በትኚ። ፍግ አትስጫት፣ ቅጠል ብቻ ትሆንብሻለች። አንዴ ከበቀለች ቦታዋን በሰኔ አትኮትኩቺ፤ ራሷ ዘርታ ራሷ ትመለሳለች።

በመጪው ሳምንት ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ አራት የዳሊያ ሥር እልክልሻለሁ። መትከያዋ ሚያዝያ ነበር፣ ዘግይተናል፤ መደብ ላይ ግን ትደርሳለች። ሥሩ ድንች ቢመስልሽም እንደ ድንች ቆራርጠሽ አትትከዪ። የድንች ዓይን ገላው ላይ ነው፤ የዳሊያ ግን ከአሮጌው ግንድ ጋር በተገናኘችበት አንገቷ ላይ ብቻ ነው። አንገቷ የተሰበረ ሥር ዓመት ሙሉ ቢቀበር አይበቅልም። በ10 ሳ.ሜ. ጥልቀት አስተኝተሽ ትከዪ፣ የምትደገፍበትን የሜትር ከሃያ እንጨት ግን አስቀድመሽ ስከዪ፤ በኋላ ስትሰክዪ ሥሯን ትወጊያለሽ። ቡቃያው ብቅ እስኪል ውሃ የለም።

የጉድጓዱን ነገር አትርሺ። ሁለተኛው ውሃ በስንት ሰዓት እንደሰረገና ቢጫው የትኛው ዓይነት እንደነበር ጻፊልኝ፤ አሁንስ በሳምንቱ እመልስልሻለሁ።

ያንቺው