ይድረስ ለወዳጄ፦ ስለ አባትህ ዝንጅብል

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አባታችንስ፣ እናታችንስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን አራት ዓመት ከርሞ መንቀዙን ራሴው አውቀዋለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤህ እስከ ዛሬ ከመሳቢያዬ አልወጣም። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የዝንጅብሉን አጠውልግ በሽታ ያጠፋሉ ሲባል መስማትህን ነግረኸኝ፣ እውነት ከሆነ መድኃኒቱን እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። የምልከው መድኃኒት አልነበረኝም። ባዶ እጄን ከምጽፍ ውጤት ሳገኝ እጽፋለሁ እያልሁ አንዱን ክረምት ወደ ሌላው ሳሻግር ይኸው እዚህ ደረስሁ።

በ2004 ዓ.ም በሽታው የሐዳሮንና የአካባቢውን ዝንጅብል ሲያጠፋ አብረን የሠራናትን ነገር ታስታውሳለህ? ከአባትህ ማሳ አንድ የጠወለገ ግንድ ከሥሩ ቆርጠን፣ ንጹሕ ውኃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክረን ያዝነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ከቁራጩ ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር እየተምዘገዘገ ወደ ብርጭቆው ታች ወረደ። አባትህ ጎንበስ ብለው አይተው ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤት ገቡ። ያ ክር ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ በሥር ቁስል ገብቶ፣ ተክሉ ውኃ የሚስብባቸውን ቧንቧዎች በብዛቱና በዝልግልጉ ይደፍናቸዋል። ማሳው ረጥቦ ሳለ ዝንጅብሉ በጥም የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም ወደ ቤተ ሙከራ ከገባሁ በኋላ ያንኑ ጠላት ይዤ ቀረሁ። በታመመ ማሳ መካከል ጤነኛ ሆነው ከቆሙ ተክሎች ሥር አፈር አምጥቼ፣ ባክቴሪያዎቹን ለይቼ፣ አንድ በአንድ ከራልስቶኒያ ጋር በአንድ ሳሕን ላይ አሳደግኋቸው። አብዛኞቹ ምንም አላደረጉም። ጥቂቶቹ ግን፣ በተለይ ከባሲለስና ከፕሱዶሞናስ ወገን የሆኑት፣ በዙሪያቸው እንደ ቀለበት የጠራ ባዶ ሜዳ አበጁ፤ ራልስቶኒያው እዚያ ቀለበት ውስጥ ድርሽ አላለም። የፕሱዶሞናሶቹን ሳሕን በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሳየው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ያ ብርሃን የሚመጣው ባክቴሪያው ከአካባቢው ብረት ለመሻማት ከሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው፤ ብረቱን ቀድሞ ሲወስድ ሌሎቹ ይራባሉ። ከዚህም ሌላ ገዳይ ኬሚካል የሚረጩ አሉ፤ ሥሩ ላይ በመስፈራቸው ብቻ ተክሉን ቀስቅሰው፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት መከላከያውን እንዲያዘጋጅ የሚያደርጉም አሉ። በዚያ ሳምንት ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ነበር። እንኳን አልጻፍሁ።

በማሰሮ ውስጥ ደህና የሠራው ነገር ማሳ ላይ ሲወጣ አንዱ መደብ ለምልሞ ጎረቤቱ ጠወለገ። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንድ ግራም አፈር እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ እኛ የምንጨምረው እንግዳ ከዚያ ሁሉ ነባር ጋር ተጋፍቶ ሥሩ ላይ ቦታ ካላገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ይመናመናል። ከሁሉ የከፋው ግን ከዘሩ ጋር የሚመጣው ነው። ዝንጅብል የሚተከለው ከራሱ ቁራጭ ስለሆነ፣ በዓይን ጤነኛ የሚመስለው ዘር ራልስቶኒያውን በሆዱ ይዞት ይገባል። ጠላት ቤት ውስጥ ተኝቶ እያለ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ምን ይጠቅማል?

ነገሩ የትም አይሠራም ማለቴ እንዳይመስልህ። በአውስትራሊያ የአደሌዱ ተመራማሪ አለን ኬር በፈረንጆች 1970ዎቹ መጀመሪያ ያደረገውን ልንገርህ። የኮክና የጽጌረዳ ሥር ላይ እንደ እባጭ የሚወጣ፣ ክራውን ጎል የሚባል በሽታ አለ። ኬር የበሽታው አምጪ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ራሱ ግን የማይጎዳ፣ ኬ84 የተባለ ባክቴሪያ አገኘ፤ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ሥሩ ባክቴሪያው በተበጠበጠበት ውኃ ይነከራል፣ በቃ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የሚሠራበት መንገድ ነው። በሽታ አምጪው ተክሉን አስገድዶ ለራሱ ብቻ የሚሆን ልዩ ምግብ ያሠራዋል፣ ያንንም ምግብ የሚያስገባበት የራሱ በር አለው። የኬ84 መርዝ ደግሞ ያንን ምግብ መስሎ በዚያው በር ይገባል፤ በሩ የሌለው ሌላ ባክቴሪያ አይነካም። በኋላ ኬ84 መርዙን የሚቋቋምበትን ዘረመል (ጂን) ለጠላቱ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ሲታወቅ፣ ማስተላለፊያው ክፍል ተቆርጦ የወጣለት ኬ1026 ተሠራ። ይህም ሁሉ ሆኖ የሚሠራው ቀድሞ ሲደርስ ነው፤ እባጩ ከወጣ በኋላ ባክቴሪያውን ማጠጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለዚህ ገበያ ላይ በጠርሙስ ይሸጣል ስላልኸኝ የባክቴሪያ ፈሳሽ የምሰጥህ መልስ አጭር ነው፦ ለታመመው ማሳ ብለህ አትግዛ። ባክቴሪያ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ባሲለስ ደረቅ ዘር መሰል ቅርፊት ስለሚሠራ ሙቀቱን ይችል ይሆናል፣ ፕሱዶሞናስ ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ከሆነ የገዛኸው ቆሻሻ ውኃ ነው። ለባቄላና ለሽምብራ የምንጠቀምበትን ባክቴሪያ ያለበት ሕያው ማዳበሪያ በጥላ ሥር ከዘሩ ጋር አሽተን ወዲያው የምንዘራው ለምን ሆነና! መጀመሪያ በሽታ ካልገባበት ማሳ የመጣ ዘር ወይም ከቲሹ ካልቸር የወጣ፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ከንጹሕ የተክል ቁራጭ የተባዛ ችግኝ ፈልግ፤ የታመመውን ማሳ ለጥቂት ዓመታት በበቆሎ አፈራርቅ፣ ድንችና ቲማቲም ግን አደራህን አታስገባበት፣ የዚያው በሽታ መጠለያ ናቸው። ጎርፉ ከላይኛው ማሳ እንዳይወርድበት ቦይ ቆፍር። ባክቴሪያው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በንጹሕ ዘር ላይ ሲታከል ነው ረዳት የሚሆነው።

አሁን ወደ ጸጸቴ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤህን እንደገና ሳነብ፣ ከሰላምታው በፊት በጠርዙ ላይ የጻፍሃትን አንዲት መስመር አየሁ፦ በታችኛው አጥር ጥግ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ጥቂት ዝንጅብል በየዓመቱ ሳይጠወልግ እንደሚቆም። እኔ ከሩቅ ማሳ አፈር ስለቅም ይህቺን መስመር አራት ዓመት ዘልያታለሁ። ምናልባት ጎርፉ ስለማይደርስበት ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት ግን እዚያ ጥግ የምፈልገው ነገር አለ። ዝንጅብሉ አሁንም ካለ፣ ዶማህን በደንብ አጥበህ ከዚያ ጥግ ጀምር፤ ሁለት ሦስት ሥር ከነአፈሩ፣ ሳታራግፍ፣ በወረቀት ጠቅልለህ በጥላ አስቀምጥልኝ። ከታመመው ቦታ ደግሞ በሌላ ወረቀት ጠቅልል፤ መጨረሻ ላይ ግን፣ ከዚያ ተመልሰህ ወደ ጥጉ አትግባ። ሁለቱንም ቀን ጽፈህባቸው ለመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር ስጥልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። አባታችንን ጉልበታቸውን ስመህ፣ ያንን ብርጭቆ እንዳልረሳሁት ንገርልኝ።

ያንተው ወንድም