የሲራራው ገበታ፦ የጨዋታ ክበባችን ዓመት

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የእሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የጨዋታ ክበብ አለው፤ ዘገባዬን ከክበቡ ስም ልጀምር፤ በስሙ የተነሳ መስከረም ላይ አንዲት እናት ገበጣ ይዘው መጥተውልኝ ነበርና። ልጃቸው «የገበታ ጨዋታ ክበብ ልመዘገብ ነው» ብትላቸው «ገበጣ» ብለው ሰሟት። ከእንጨት የተጠረበ ባለ ጉድጓድ ገበጣ፣ ጠጠሩ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ። የምንጫወተው በኮምፒውተር ነው ስላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ቅሬታ ዓመቱን ሙሉ አልረሳሁትም። ገበጣው ዛሬም ከክፍላችን መደርደሪያ ላይ አለ። እሑድ እሑድ ትምህርት እስኪጀመር ልጆቹ ይሻሙበታል።

እኛ የምንጫወተው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ እንደሆነ ዳይስ ይፈርዳል። ዳይሱ ባለ ስድስት ገጹ ብቻ አይደለም፤ ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 አለ፤ የሁሉም አለቃ ባለ 20ው ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። አንዱ ታሪክ ወራት ይፈጃል። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነበር፤ አሁን ካርታውን፣ ዳይሱንና የገጸ ባሕርያቱን ምልክቶች በኢንተርኔት የሚያቀርቡ ገበታዎች ስላሉ ተጫዋቾቹ በአንድ ከተማ መኖር አይጠበቅባቸውም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ መንገድ አልነበረንም። ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 9 አባላት አሉን፦ አራቱ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስቱ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ አንዷ ሜሪላንድ ፍሬድሪክ፣ አንዱ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከወላጆቹ ጋር አዲስ አበባ የገባ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። እሑድ ለትምህርት ማምጣቱን ወላጆች እንደምንም ይችሉታል። ቅዳሜ ግን አባት ኡበር ላይ ነው፣ እናት ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ቤልትዌዩን፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ሁለቴ በሳምንት ተሻገሩ ብሎ ማን ይጠይቃቸዋል?

ሦስት ገበታ መረመርኩ። ሮል20 እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፤ በብራውዘር ይከፈታል፣ ካርታውንም ዳይሱንም የገጸ ባሕርይ ቅጹንም አንድ ላይ ይዟል። ፋውንድሪን አንድ ጊዜ ከፍለው ይገዙታል፤ የሚከፍለውም ተራኪው ብቻ ነው፤ ነገር ግን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ካስኬዱት ልጆቹ ከውጭ እንዲገቡ ራውተር መነካካት ይመጣል። በቤታችን ራውተር መነካካት ለእኔ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱን ባለቤቴ ታውቀዋለች። ሦስተኛው ኦውልቤር ሮዴዮ ነው፤ ስሙ ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ ከሆነው የጨዋታው አውሬ የመጣ ነው። የወሰድኩት እሱን ነው። አካውንት የሚከፍተው ተራኪው ብቻ ሲሆን ልጆቹ በተላከላቸው ሊንክ ገብተው ስማቸውን ጽፈው ይቀመጣሉ። በአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ በኢንተርኔት የግል መረጃ የሚሰበስብ የንግድ ድርጅት በጠቅላላው የወላጅ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከአባሎቻችን አራቱ ከዚያ ዕድሜ በታች ስለሆኑ ምርጫው ብዙ አላስጨነቀኝም። ለድምፅ የምንጠቀመው ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን ዙም ነው።

ጥቅምት በትርጉም አለቀ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በጃንዋሪ 2023 የሕጎቹን መሠረታዊ ጽሑፍ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቆታል፤ ምንጩን የጠቀሰ ሁሉ ሊተረጉመው ይችላል። 400 ገጽ ገደማ ነው፤ እኛ 7 ገጽ ተርጉመን ደከመን። የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ችሎታዎች «ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ማስተዋል» እስከሚባለው ድረስ ያለ ጭቅጭቅ ሄዱ። ስድስተኛው፣ ፈረንጆቹ ካሪዝማ የሚሉት፣ ሁለት ቅዳሜ በላብን። «ግርማ»፣ «አፈ ጮሌነት»፣ «ተወዳጅነት» ቀርበው በድምፅ ብልጫ «ሞገስ» አለፈ። የፍሬድሪኳ ልጅ አጎቷ ሞገስ ስለሚባል «ሞገስህ ስንት ነው?» በተባለ ቁጥር ማይኳን ዘግታ ትስቃለች። ተጫዋቹ ሲመታ የሚቀነሰውን ነጥብ ልጆቹ «ነፍስ» ብለውት ነበር፤ አንድ አባት «ነፍስ እንዲህ ይቆጠራል ወይ?» ብለው ስለጠየቁኝ «ጤና» አደረግነው። ልክ ናቸው። በካርታው ላይ አንድ ካሬ አምስት ጫማ ነው፤ እኛ ሦስት ክንድ እንለዋለን፤ ያው በሜትር ሲለካ አንድ ተኩል ነው።

ልጆቹ ለመጀመሪያው ታሪክ የላሊበላን ዋሻዎች ፈልገው ነበር። እምቢ አልኩ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም የሚቀደስባቸው ናቸው፤ የጭራቅ ጎሬ አላደርጋቸውም። በምትኩ ሲራራ ነጋዴዎች ሆንን፦ ከአፋር የጨው ሜዳ አሞሌ በግመል ጭነን፣ ከባሕር ወለል በታች ከሆነው ምድር ወደ ደጋው ወጥተን፣ ጎንደር ድረስ። ጎንደር በአፄ ፋሲል የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ስለሆነ ዘመኑን ከዚያ በኋላ አደረግነው። ወርቅና ዕንቁ የሚባል ሀብት የለንም፤ አሞሌ ራሱ ገንዘብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ገንዘባችን ይሟሟል። ከዚህ የተሻለ አስፈሪ አውሬ ለማንም ተራኪ አልመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክበቡ በደንብ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እኔ በአማርኛ እተርካለሁ፣ ምልክቶቹ በካርታው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሳቅ ይሰማል። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ሳቁ የሚመጣው ከጽሑፍ ሳጥኑ ነበር። ልጆቹ የሚመክሩት፣ የሚቀልዱት፣ የሚጣሉት እዚያ ውስጥ በእንግሊዝኛ እየጻፉ ነው። የእኔ አማርኛ እንደ ሬዲዮ ከኋላ ይጮሃል። አንድ ቅዳሜ የዙምን የጽሑፍ ሳጥን ዘጋሁት። ማስታወቂያም አልነገርኩ።

ሁለት ቅዳሜ ዝምታ ሆነ፤ ተጨማሪ ባወራ የምፈርስ መሰለኝ። በሦስተኛው ግመሉ ገደል አፋፍ ላይ እግሩ ሲንሸራተት ከአሌክሳንድሪያ ልጆች ትንሹ «ኧረ ያዙት! ያዙት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ አላቆሙም። አማርኛቸው ተሰባብሮ ነው የመጣው፤ እኔም አላረምኩም፤ ያረመው ታሪኩ ነው። ሽፍታውን «እባክዎ አይግደሉኝ» ያለ ልጅ ኬላ ላይ የቆሙትን ሹም ደግሞ «አንተ፣ በሩን ክፈት» አላቸው። ሹሙ ሦስት ጤና አስቀነሱት። በሚቀጥለው ሳምንት ለግመሉ ሳይቀር «እርስዎ» ይል ነበር።

ጥፋቴንም ልናገር። የገበታው ትልቁ ጥበብ ጭጋግ ነው፦ ተራኪው ካርታውን በሙሉ ሸፍኖ ልጆቹ የደረሱበትን ብቻ ይገልጣል። ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን የሽፍቶች ሸለቆ ጭጋጉን ሳላለብስ ከፈትኩት። ዘጠኝ ልጆች አሥራ አራቱን ሽፍታ ከነመደበቂያቸው አዩ። «ጋሼ፣ ይሄን ማየት ነበረብን?» ያለችኝ ጨዋዋ ናት። ሌሎቹ በሌላ መንገድ ዞረው ሲሄዱ ሽፍቶቼ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ጥፋት የሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አራት ሰዓት፣ ማለትም ፈረንጆቹ 10 በሚሉት እንጀምራለን። ኢትዮጵያ እንደ አሜሪካ ሰዓት ወደፊትና ወደ ኋላ ስለማታደርግ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጅ ያው ሰዓት በበጋ ከቀኑ 11፣ በክረምት ደግሞ ከምሽቱ 12 ይሆናል። (በጋና ክረምት የምለው እንደዚህ አገር ነው፤ ይህም ራሱ አንድ ቀን አጨቃጭቆናል።) መጋቢት ላይ ሰዓቱ ሲለወጥ ለሁሉም «ቅዳሜ በ11 ሰዓት» ብዬ ላክሁ፤ በልቤ የአዲስ አበባውን እያሰብኩ። እሱ በሰዓቱ ገባ። የሜሪላንድና የቨርጂኒያዎቹ 11 ሲሉ ለእነሱ ረፋድ ነውና በአንድ ሰዓት ዘግይተው ደረሱ። እኔ ገበታውን ከፍቼ ቡና ላፈላ ሄጄ እነሱን ስጠብቅ፣ ልጁ በመሳያው አንድ ሙሉ ገበያ ሥሎ ጠበቀን፦ የበርበሬ ተራ፣ የከብት ተራ፣ ጥግ ላይ ጠላ ቤት። እኔ አዘጋጅቼው ከነበረው ካርታ ስለሚሻል የእኔን ጣልኩት።

ዳይሱን በተመለከተ ክስ አለብን። አንዱ ልጅ ኮምፒውተሩ እንደሚጠላው እርግጠኛ ነው። እኛ ባንጠቀምበትም፣ ሮል20 ለእንዲህ ያለው ጥርጣሬ መልስ እንዲሆን ቁጥሩን ከብርሃን ጨረር መዋዠቅ እንደሚያወጣ ባስረዳውም «ታዲያ ብርሃኑ ነው የሚጠላኝ» አለ። ይልቅ የጠቀመው የሒሳቡ ነገር ነው፦ ሕጉ ሲፈቅድ ባለ 20ውን ሁለት ጊዜ ጥለው ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። በአንድ ውርወራ 11ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ነው፤ በሁለት ውርወራ ሦስት አራተኛ ይሆናል። የፍሬድሪኳ ልጅ ሁለቱም የሚከሽፉበት ከአራት አንዱ ብቻ መሆኑን ማንም ሳይነግራት አውጥታ አሳየችን።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን ከዳይስም ከካርታም አልመጣም። ኬላው ላይ ጠባቂው መንገዱን የሚለቀው እንቆቅልሹን ለፈታ ብቻ ነው ብዬ ነበር። «እንቆቅልህ!» አልኩ። «ምን አውቅልህ!» አሉ፤ ይህን እሑድ ተምረዋል። «በውሃ ተወልዶ ውሃ የሚገድለው?» ዝም። ዘጠኝ ግመል አሞሌ ጭነው ቆመው ጨው መሆኑ ጠፋቸው። «አገር ስጡኛ!» ስላቸው አንዱ ጎንደርን ሰጠኝ። ወዴት ነው የምትሄደው ታዲያ ብለው ጓደኞቹ ተነሱበት። ሌላው ተሯሩጦ ሲልቨር ስፕሪንግን አስረከበኝ። ከተማውን ተረክቤ ኪራይ ልሰበስብ ስል ከአንዱ ማይክ ጀርባ፣ ከወጥ ቤት፣ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ጨው ነዋ! የተሸከማችሁት! ምነው ልጆች!»

የልጁ አያት ነበሩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የየኬላው ጠባቂ እማማ ናቸው። ኮምፒውተር አይነኩም፤ የልጅ ልጃቸው አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። የእኔን ያህል አይራሩም። ያልመለሰ ልጅ አገር ከሰጠ በኋላ በዚያ አገር ላይ ምን ምን እንደበሉና ማን እንዳገለገላቸው ሳያወሩ መልሱን አይነግሩትም። ጉዞው በአንድ ቅዳሜ ግማሽ ካሬም የማይንቀሳቀስበት ቀን ነበር፤ ማንም አላማረረም።

የጽሑፍ ሳጥኑን አንዴ ብቻ መልሼ ከፈትኩት፤ ያውም በፊደል ለመጻፍ ብቻ። የቡድናችን አዝማሪ ሰምና ወርቅ ካወጣ ዳይሱ ላይ ሁለት ይጨመርለታል የሚል ሕግ አለን። የ16 ዓመቱ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«የበር ጠባቂ ሆይ፣ ምን በደልኩህ እኔ፣
በሬን ወሰድክና ለየኸኝ ከወገኔ።»

በሬ፣ ያው የሚያርሰው፤ በሬ፣ የእኔ በር። ሲጻፍ አንድ ነው። ሲነበብ ግን «ሬ» ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል፤ አንባቢው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ስለዚህ ልጁ ጮክ ብሎ አላነብም አለ፤ ሌላው ሁሉ ግን ተራ በተራ እያላላና እያጠበቀ አነበበለት። «በሬዬን» ማለት ነበረበት የሚል ሰዋስው አዋቂ አንባቢ አይጠፋም። እማማ ሁለት ሳይሆን አራት ጨመሩለት፤ እኔ ምን አገባኝ።

የመጨረሻው ቅዳሜያችን ሰኔ ላይ ነበር። ሲራራው የጎንደር በር ደርሷል። እማማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንቆቅልህ!» ሲሉ አዲስ አበባ መብራት ጠፋ፤ የልጁ ስልክም ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሌሎቹ እንቀጥል አሉ። እማማ ግን «አንድ ጎድሎ በር አይከፈትም» ብለው ወንበራቸውን መልሰው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

ካርታውን አልዘጋሁትም። ዘጠኙ ምልክቶች ከነግመሎቻቸው በሩ ፊት ቆመዋል፤ የአዲስ አበባው ልጅ ምልክት ከሁሉም ፊት ነው። መስከረም ስንመለስ የመጀመሪያው ቃል የእማማ ነው። እንቆቅልሹን ለእኔም አልነገሩኝም።