ሳትታሰሪ አትውጪ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ትናንት አክስትሽ ደውላ ርብራብ ላይ ያለ ገመድ እንደምትወጪ ነገረችኝ። እናትሽ አልሰማችም፤ እንድትሰማም አልፈልግም። የጥንት ቤት ማደስን ሙያ አድርገሽ በመያዝሽ ኮርቻለሁ፤ ነገር ግን ሳትታሰሪ አትውጪ።

የላክሽልኝን የኦስቦርን ቤት፣ የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያ የባሕር ዳር ቤት፣ ፎቶግራፎች በአጉሊ መነጽር ሳይ አመሸሁ። ባሏ ልዑል አልበርት ቤቱ ካለበት ከዋይት ደሴት የሚታየው ባሕር የኔፕልስን ባሕረ ሰላጤ ስላስታወሰው የኢጣሊያ ቪላ መልክ መረጠ፤ ግንበኛው ቶማስ ኩቢትም በፈረንጆቹ 1845 ጀምሮ በ1851 ጨረሰለት። የሰንደቅ ዓላማውና የሰዓቱ ማማ ወዲያና ወዲህ ሆነው መቆማቸው፣ ቅስት መስኮቶቹ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርዱት እርከኖች፣ ሁሉም ልብ ይወስዳል። ወለሉን የብረት ተሸካሚ እንዲይዘው ያደረጉት እሳትን ፈርተው ነው፤ ብልህ ሰዎች ነበሩ።

ግድግዳውን ግን ልብ ብለሽ አይተሽዋል? ጥርብ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጡብ ነው። ላዩን ለስነው የድንጋይ መገጣጠሚያ የሚመስል መስመር ጫሩበት። አንቺ የምትሠሪበትም ቤት እንዲሁ ከሆነ ልስኑን አትመኚው። በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገሽ አንኳኪው፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ከጡቡ ለቋል። ከጣሪያው ሥር ወጣ ያለው ጠርዝ ደግሞ የባሰ ነው፤ አሸንዳው ሲደፈን ውኃ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። የክርስትና አባትሽ እግር የተሰበረው እንዲህ ያለ ጠርዝ ረግጦ ነው። ከእኔ አጠገብ ነበር፤ ከታች ሆነን ድንጋይ ነው ብለን የተማማልንበት ነገር እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈርፍሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለሳኝነቱን ትቶ ሱቅ ከፈተ፤ እጁ ግን የተባረከ ነበር። ሳትታሰሪ አትውጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ስለ ልዑል ዓለማየሁ አለመጻፍሽ ገርሞኛል። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ መንገድ ላይ ካረፉ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1868 ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ያቀረቡት እዚያው ኦስቦርን ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ዕብነ በረድና ሐውልት መካከል ቋንቋውን የሚያውቅለት ስንት ሰው ነበረ? በ18 ዓመቱ ሞቶ እስከ ዛሬ ዊንድዘር ነው ያለው። ልጅ ሰው አገር ሲኖር ወላጅ እንቅልፍ የለውም፤ እሱ ደግሞ የሚጨነቅለት ወላጅ እንኳ አልነበረውም። ተመልሰሽ ከሄድሽ ጸሎት አድርጊለት።

የላክሽው የመድኃኒት ገንዘብ ደርሷል። ሶሉ ያለቀውን ጫማ ዛሬውኑ ቀይሪ፤ ዝናብ ሲዘንብ ከርብራቡ ውረጂ፤ አለቃሽ ቢቸኩል አንቺ አትቸኩዪ። ገመዱንም ራስሽ ፈትሺው፣ ለሌላ ሰው አትተዪው። እሑድ ስትደውዪ እናትሽ ፊት ይህን ነገር እንዳታነሺ። መታሰርሽን ግን ለእኔ ለብቻዬ ጽፈሽ ላኪልኝ።

አባትሽ