አፍንጫው ሳይከብድ እንዳትዘጊው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረን።

የአጎትሽ ልጅ የላከልሽን ተገጣጣሚ የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት የፕላስቲክ ሞዴል ፎቶ አየሁት። ደስ ይላል። «ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ኧረ ቀስ! የገላውን ሁለት ግማሾች ገና አትግጠሚ። አንዴ ከተጣበቁ ውስጥ የረሳሽውን ነገር በምንም አታገኚውም።

መጀመሪያ ቁርጥራጮቹን ከተያያዙበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳትነጥያቸው በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለባቸው ቀለም አይዝላቸውም። ስትነጥያቸው በእጅሽ አትጠምዝዢ፤ ጥፍር መቁረጫ ይበቃል። ትንሽ አስተርፈሽ ቁረጪና የቀረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪ። ከዚያ ኮክፒቱን (አብራሪው የሚቀመጥበትን) ቀለም ቀቢ። ጥቁሩ ሲደርቅ በስቴኪኒ ጫፍ ነጭ ነጥብ ጣል ጣል ብታደርጊበት ልክ የበረራ መሣሪያዎቹን ይመስላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ቀለሙ ብሩሽ ላይ ቶሎ ይደርቅብሻል፤ በስሱ እየደራረብሽ ሂጂ።

ዋናው ጉዳይ አፍንጫው ነው። እውነተኛው አውሮፕላን አፍንጫው ውስጥ ራዳርና ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ከኋላ ካሉት ሁለት ሞተሮች ጋር ይመዛዘናሉ። ያንቺ አፍንጫ (የሞዴሉን ማለቴ ነው) ባዶ ነው። እንዲሁ ከዘጋሽው በጎማው አይቆምም፤ ጭራው ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሬዲዮ የምበይድበትን ሊድ ቆራርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አፍንጫው ውስጥ ጠቅጥቀሽ አጣብቂው። ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ለጊዜው በፕላስተር ያዢያቸውና የኋላ ጎማዎቹ በሚገቡበት ቦታ ላይ በሁለት ጣትሽ ደግፈሽ አንሺው። ወደ ፊት ካዘነበለ አብሽሪ፣ መዝጋት ትችያለሽ። ወደ ኋላ ካለ ሊድ ጨምሪ።

የሞዴሉ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያዋህደው፤ ከበዛ ቅርፁን ይበላዋል። ሱፐር ግሉ ደግሞ የአብራሪው መስታወት አጠገብ አይድረስ፤ ትነቱ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ያንቺው መጠኑ 1 ለ72፣ ማለትም ከእውነተኛው ርዝመት 72ኛው እጅ ስለሆነ 14.4 ሜትሩ አውሮፕላን 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው የሚወጣው። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። ኤፍ-5ኢ መጀመሪያ የበረረው ነሐሴ 1964 ዓ.ም ነው። አሜሪካኖች ለልምምድ እንደ ጠላት የሶቪየት ተዋጊ ጄት፣ እንደ ሚግ-21 እያስመሰሉ ያበሩት ነበር። የእኛዎቹ ግን በኦጋዴኑ ጦርነት የሶማሊያን እውነተኛ ሚግ-21 ነው የገጠሙበት፤ እነ ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ስማቸው የተነሳው በዚሁ አውሮፕላን ነው። የሚገርመው፣ ጦርነቱ ሳያልቅ እኛም ከሶቪየት ሚግ-21 ተቀበልን።

እናትሽ ግን ነገሩ አልጣማትም። «ደሴ ከጦር አውሮፕላን ምን ደግ ነገር አይታ ታውቃለች?» ትለኛለች። መልስ የለኝም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማችንን ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፤ ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። የቅርቡንማ አብረን አይተነዋል፣ አልደግመውም። በስንት ልመና «ይምጣ፣ ግን ቡፌዬ ላይ ቦምብ አይቀመጥም» ብላለች።

ስለዚህ ከክንፉ ስር የሚንጠለጠለውን ሁሉ ተዪው። የክንፉ ጫፍ ላይ ያሉትን ሚሳይሎችም ተያቸው፤ የሚሳይሎቹን መስቀያ ግን አጣብቂ፣ ያለሱ ክንፉ ጎዶሎ ይመስላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዓርማ የአሜሪካ ነው ብለሻል፤ አትለጥፊው። የእኛን እዚህ አብረን እንሠራለታለን።

ገላውን ከመዝጋትሽ በፊት የውስጡን ፎቶ ላኪልኝ።

አባትሽ
ከደሴ