ሳይሰጥ «ተሰጥቷል» ስለተባለ ኪኒን፦ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ 150 ፍሬ የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ጉድለትን ይመለከታል

«ባሉበት» ያልሁት እንደ ደንቡ ብቻ አይደለም። አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁም ነው። ሁለት ጊዜ ስብሰባ፣ አንድ ጊዜ ሥልጠና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «አሁን ወጡ» ተብያለሁ። የካቲት 6 ቀን ያስገባሁት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥሩ እጄ ላይ አለ፤ መልሱ የለም። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለው የአስተያየት መስጫ ሣጥንም ሁለት ወረቀት ከትቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው አዝኖልኝ «አባባ፣ ይህ ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል» አለኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ቁልፍ በማያስፈልገው ቦታ ጻፍሁት።

የምኖረው ከከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት፣ ኮብልስቶኑም አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። የሰፈሩንም የጤና ጣቢያውንም ስም አልጽፍም። ከጻፍሁ የሚቀጡት ነጭ ጋውን ለብሰው ቆመው የሚውሉት ልጆች እንጂ ሌላ ሰው እንዳልሆነ በዕድሜዬ አይቻለሁ። እርስዎ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል። ካላወቁት የየካቲቱን ደብዳቤ ያስፈልጉት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 31 ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ያስገባሁት፣ ሞዴል 22 ሳይፈረም ያወጣሁት ዕቃ የለም። ይህን የምነግርዎት ለጉራ አይደለም፤ የሚከተለውን ነገር ሳይ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ እንዲገባዎት ነው።

ልጄ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ጥቅምት ውስጥ፣ እናንተ እንደምትመክሩት በጊዜ፣ 12 ሳምንት ሲሆናት ክትትል ጀመረች። በሩ ላይ የእናቶች አገልግሎት በነፃ እንደሚሰጥ የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተቀበለቻት ነርስ ትሑት ልጅ ናት። ክብደቷንና የደም ግፊቷን ለካች፤ ስለ ኪኒኑም አንድ በአንድ አስረዳቻት። 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ በአንድ ፍሬ፣ በቀን አንድ፣ ለስድስት ወር። ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፣ ሰውነትሽ ብረቱን እንዳይቀበል ያደርጋሉ፤ ከብርቱካን ጋር ቢሆን ይሻላል። ካቅለሸለሸሽ ማታ ስትተኚ ዋጪው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያጠናል የሚሉሽን አትስሚ። ሁሉም ትክክል ነው፤ በኋላ ፋርማሲስት የሆነውን የእህቴን ልጅ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሄደች። «አልቋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ትወስጃለሽ።»

ልጄ ታዛዥ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና ተወች። ከሌለው ኪኒን ጋር ቡና ላለመጠጣት ስድስት ወር ታገሠች።

በታኅሣሥ አልቋል። በጥር አልቋል። በየካቲትና በመጋቢትም አልቋል። የደም መጠኗ ይታይ ስንል ላቦራቶሪው «ሪኤጀንት የለም» አለ፤ መመርመሪያው ኬሚካል ማለት ነው። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው የግል ፋርማሲ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ተራውን የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ብንጠይቀው የለውም። ያለው ከውጭ የመጣ፣ ካርቶኑ ላይ ሆዷን አቅፋ የምትስቅ ፈረንጅ ያለችበት ነው። ሠላሳ ፍሬ 850 ብር። መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን አነበብሁት፤ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ቫይታሚኖችና ማዕድኖች ተደርድረዋል፤ ብረቱ ግን 17 ሚሊ ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን የሚመክረው ከ30 እስከ 60 ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ገዛን። ባሏ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነው፤ ሥራው ሲቆም ካርቶኑም ቆመ። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። የጡረታ ገንዘቤን ቆንጥሬ መቀጠል እችል ነበር። «በሚቀጥለው» የሚለውን ቃል አመንሁት። 31 ዓመት ሙሉ ለሌሎች «በሚቀጥለው» ስል የኖርሁ ሰው እንዴት እንዳመንሁት እንጃ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሌሊት ምጥ ያዛት፤ ቀኗ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ጤና ጣቢያው አይቷት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር አላት። ወለደች፤ ደም ፈሰሳት። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም የደም መጠኗ፣ ተለክቶ 8.2 ሆነ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች የደም ማነስ ይባላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ የደጋ ሰው ደም ከቆላ ሰው ከፍ ማለት ስላለበት፣ የእኛ ልኬት ከዚያም ከፍ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ሕፃኑ 2,150 ግራም ነበር። እናቱ ቁጭ ማለት ስላቃታት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በነጠላ አስራ ያሞቀችው አያቱ፣ ባለቤቴ ናት። በ63 ዓመቷ እንደ አራስ ተኛች።

ኪኒኑን ብትውጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር ብዬ አልምልም። ልጅ ያለ ምክንያትም ቀድሞ ይወለዳል፤ ደም ያላነሳት ሴትም ደም ይፈስሳታል። ከዚህ ቀጥሎ በምነግርዎት ነገር ላይ ግን እምላለሁ፤ ሙያዬ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ዙር ላይ መጣች። ከጤና ጣቢያው አብሮ የተላከውን የክትትል ካርድ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ በአሥራ አንድ ሴቶች ፊት እንዲህ አለቻት፦ «አንቺ፣ ኪኒኑ አምስት ጊዜ ተሰጥቶሻል። በየጊዜው ሠላሳ፣ በድምሩ 150። የት አደረግሽው? ጣልሽው? እናንተ እኮ ይሰጣችኋል፣ አትውጡም፣ ከዚያ ደም ፍለጋ ቤተሰብ ታስሮጣላችሁ።»

ልጄ አልመለሰችም። የምትመልስበት አቅም አልነበራትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሟን አልወቅስም። ያነበበችው እናንተ የጻፋችሁትን ነው። ካርዱ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ስለሚቀመጥ እስከዚያን ቀን ምን እንደሰፈረበት አይተን አናውቅም። ተቀብዬ አየሁት። በአምስቱም ቀጠሮ፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ በሚለው ረድፍ ላይ፣ ጥርት ያለ የራይት ምልክት አለ። ከጎኑ 30። ከሥሩ ፊርማ። ሆስፒታሉ በር ላይ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁት።

በእኛ ሙያ ይህ ስም አለው፤ ጉድለት ይባላል። ዕቃ ሳይወጣ ወጪ የጻፈ ግምጃ ቤት ጠባቂ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ከባሰም ይከሰሳል። እናንተ ዘንድ ግን የጎደለው ዕቃ ከተቀባይዋ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ያውም ከደሟ።

ተመልሼ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። አንዷ ሠራተኛ፣ የትኛዋ እንደሆነች ቢገርፉኝም አልናገርም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ባዶ ከተተወ ግምገማ ላይ እንጠየቃለን» አለችኝ። የሚጠየቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ሞልቷል። ይህ የሰፈር ሴት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ከሆነ፣ እርስዎ አያውቁም ማለት ይከብደኛል። አያውቁም ብዬ ብነሣ እንኳ አንድ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ አለኝ። ሪፖርታችሁ ኪኒኑ ተሰጥቷል ይላል፤ የመድኃኒት መስጫው መስኮት አልቋል ይላል። ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የፍጆታ ሪፖርትና የመድኃኒት ጥያቄ ይልካሉ፤ የሚላክላቸው መጠንም በፍጆታው ይሰላል። እነዚያ 150 ፍሬዎች በቢን ካርዱ፣ ማለትም በግምጃ ቤቱ የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ ላይ ወጪ ሆነዋል ወይስ አልሆኑም? ካልሆኑ የልጄ ካርድ ሐሰት ነው። ከሆኑ ደግሞ ኪኒኑ በሌላ በር ወጥቷል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ አይሆንም። ሦስተኛ መልስ የለውም።

ከግምጃ ቤት ዕቃ ሁሉ ፍላጎቱ ቀድሞ የሚታወቀው ደግሞ ይህ ነው። የቆዳ ሽፍታ ድንገት ይወጣል፤ ወረርሽኝ ሳይጠራ ይመጣል። እርግዝና ግን ከስድስት ወር በላይ አስቀድሞ ያስታውቃል። በመዝገባችሁ ላይ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ቆጥሮ በ180 ማባዛት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶቹን ራሳቸውን ጠይቆ ነበር። በመጨረሻው እርግዝናቸው ብረት ጥቂትም ቢሆን የወሰዱት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ሳነብ ቀድሞ «ሴቶቻችን ኪኒን አይወዱም» እል ነበር። አሁን ጥናቱ የእኛን ጤና ጣቢያ ካርዶች ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ስንት ይወጣ ነበር እላለሁ።

የፎሊክ አሲዱን ነገር ብዙ አልልም። የልጅ አከርካሪ የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ለእሱ ሲባል ነው የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም. አስገዳጅ የተደረገው፤ ክትትል የጀመረች ሴት ለዚያ ዘግይታለች። ብረቱ ግን አይዘገይም። የነፍሰ ጡር ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ያን የሚሠራው ብረት ነው። በዚያ ላይ ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በአብዛኛው የሚኖረው ከማሕፀን ይዞ በወጣው ብረት ነው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ጥቂት ነውና። ስንቅ ማለት ነው። ቀድሞ የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ስንቁም ያነሰ ነው። የልጅ ልጄ ሳይሰነቅ መንገድ ወጣ።

የሕፃናት ሐኪሙ ከሁለት ወሩ ጀምሮ የብረት ሽሮፕ እንደሚያስፈልገው ጽፎልናል። አሁን 42 ቀኑ ነው፤ ጡት በደንብ ይዟል፤ ሦስት ኪሎ አልፏል፤ ማታ ማታ ያለቅሳል፤ አያቱ «ድምፁ ወፈረ» ብላ ትደሰታለች። ለእሱም ጤና ጣቢያው ካርድ ተከፍቶለታል። አዲስ ካርድ ነው፤ ረድፎቹ ገና ባዶ ናቸው።

ከእርስዎ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የልጄ ካርድ ይታረም። አምስቱም ረድፍ ላይ «አልተሰጠም» ተብሎ ይጻፍ፤ ማኅተም ይደረግበት። ያረመች ነርስ ስላረመች አትጠየቅ። ኪኒን ካለቀ መስኮቱ ላይ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የለም» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ ያ ወረቀት ቢያንስ ለነፍሰ ጡሯ ባል እውነቱን ይነግረዋል። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ይቅርታ የሚገባት እኔ ሳልሆን ልጄ ናት፤ አድራሻዋ በካርዱ ላይ አለ፤ እሱ ሳይሳሳት ተጽፏል።

ሰኞ የሕፃኑ የ45 ቀን ክትባት ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያው እንመጣለን። ከዚያ በቀጥታ ቢሮዎ እገባለሁ፤ ፎቶ ኮፒውን ይዤ። ስብሰባ ላይ ከሆኑ እጠብቃለሁ። ጡረተኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁን አያት

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል
ለአስተያየት መስጫው ሣጥን፣ ቁልፉ ከተገኘ