ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ኦቲዝም ስላለባቸው ተማሪዎቻችንና ስለ ቅዳሜው ፕሮግራም

መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያ ፈተና ውጤት በመጪው ሳምንት ይሰጣል። የመጋቢትን ክፍያ ያልፈጸማችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ በባንክ ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል አድርሱልን። ለትንሣኤ በዓል ከስቅለት ጀምሮ ትምህርት የለም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለዚህ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ፊርማ የተሰባሰበበት ወረቀት ቢሮዬ ደርሷል። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከመደበኛው ክፍል ይውጡልን። ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ የሚካሄደው የእነዚህ ልጆች ቤተሰቦች ፕሮግራም ይቁም። ካልሆነ ልጆቻችንን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እናዛውራለን። ከፈረማችሁት አብዛኞቻችሁን በስም አውቃችኋለሁ። ለልጆቻችሁ የምትሳሱ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ በአክብሮት፣ ግን ሳላድበሰብስ እመልሳለሁ። ልጆቹ አይወጡም። ፕሮግራሙም አይቆምም።

ምክንያቴን ላስረዳ።

ነገሩን ያባባሰው በጠዋት ሰልፍ ላይ የተፈጠረው ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ባንዲራ እየተሰቀለ ማይክራፎኑ ክፉኛ አፏጨ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ከኋላው የቆመች ልጅ ላንሳህ ብላ ክንዱን ያዘችው። ገፈተራት፤ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ። የልጅቷ እናት መቆጣታቸው ተገቢ ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። ልጅቷ ያደረገችው ደግነት ነው፤ ይህንንም ለራሷ ነግሬያታለሁ። ልጁም ቢሆን ሊጎዳት አስቦ አይደለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው በላይ ይከብዳቸዋል። እኛን ፊታችንን የሚያስጨማድደን ፉጨት ለእሱ ሕመም ነው። በዚያ ላይ ሳያስበው ከኋላ ተያዘ።

ምን አደረጋችሁ ትሉኝ ይሆናል። ድምፅ ማጉያው ከታች ክፍሎች ሰልፍ ርቆ ተተከለ፣ ድምፁም ተቀነሰ። ልጁ አሁን ሰልፉን የሚከታተለው በረንዳው ላይ ከረዳት መምህርቷ ጋር ቆሞ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመንም። መወገድ የነበረበት ፉጨቱ እንጂ ልጁ አልነበረም።

«ልጃችን ይኮርጃል» የሚለውም ስጋት ደርሶኛል። አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄ እጁን እንደሱ ማርገብገብ ጀምሯል» ብለውኛል። ልጆች ያዩትን ሁሉ ይሞክራሉ። የሒሳብ መምህሩን አረማመድም እየቀዱ ሲስቁ አይቻቸዋለሁ። ይሰለቻቸውና ይተዉታል። ኦቲዝም ግን ከልጅ ወደ ልጅ አይጋባም። ልጁ አብሮት የሚወለድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ ከዘር የሚመጣው ድርሻም ትልቅ ነው። እናት ስላላቀፈችው የመጣ አይደለም። ክትባትም አላመጣውም። የክትባቱን ወሬ በዓለም ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ መጽሔቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ይህን ያነሳሁት ከእናንተ መካከል በዚህ ፍርሃት የትንሿን ልጃቸውን ክትባት ያቋረጡ ስላሉ ነው። እባካችሁ አስከትቡ።

እርግማን ነው የምትሉም አላችሁ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቤተሰቡ ምን ቢበድል ነው እያሉ በጎረቤት መካከል ማውራት ልጁን አይጠቅምም፣ እናቱንም ይሰብራል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች አሉ፤ እምነታቸው ነው፣ እኛም አንከለክልም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበሉም ይቀጥል፣ ትምህርቱም አይቋረጥ።

ቀጥሎ ደግሞ «መምህሯ ጊዜዋን በእነሱ ትጨርሳለች» ትሉኛላችሁ። እባካችሁ የልጆቻችሁን ክፍል መጥታችሁ እዩት። ከሰሌዳው አጠገብ የዕለቱ ፕሮግራም በሥዕል ተለጥፏል። ደብተር፣ ምሳ ዕቃ፣ ኳስ፣ ቦርሳ። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሥዕሉ ይገለበጣል። ይህ የተዘጋጀው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ለሚጨነቅ አንድ ልጅ ነበር። አሁን ግን ክፍሉ በሙሉ ይጠቀምበታል። ማንበብ ያልጠና ልጅ ሁሉ መቼ ዕረፍት እንደሚወጣ በዓይኑ እያየ ይቀመጣል። «መቼ ነው የምንወጣው?» እያለ መምህሯን የሚነዘንዝ ቀንሷል። መምህሯ ጊዜ ያተረፈችው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። «ልዩ ትምህርት ቤት ይግቡ» ብላችኋል። የት? ይህን የምጠይቀው ለክርክር አይደለም። በእርግጥ የት ይግቡ?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው በግልጽ ተናገሩ። ያን ጊዜ ይህን የሚደፍር ወላጅ ብዙ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩን ድረስም ከዚህ ሥራ አልራቁም። ከጆይ ቀጥሎ፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተቋቋመ። እሱም አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር አናጺ ልጁን ለማስተማር ቤቱን ነቅሎ ይሂድ? ሄዶስ ቦታ ያገኛል? እነዚያ ማዕከሎች ወረፋቸው ረጅም ነው፤ እዚያው አዲስ አበባ የሚኖር ወላጅም ይጠብቃል።

ደግሞም ወይዘሮ ዘሚ ማዕከል የከፈቱት ትምህርት ቤቶች ልጃቸውን ስላልተቀበሉ መሆኑን አትርሱ። ዛሬ ወረቀቱ የሚጠይቀኝ እኔም እንደ እነዚያ ትምህርት ቤቶች በር እንድዘጋ ነው።

ሕጉም አይፈቅድልኝም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት የሚናገር ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 እንዲህ ያሉ የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕግ ባይኖርም መልሴ ያው ነበር። ግን «በራሱ ሥልጣን ነው የሚወስነው» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

ስለ ገንዘቡ። «የእኛ ክፍያ ለእነሱ ይውላል» ተብሏል። የቅዳሜው ፕሮግራም ከክፍያችሁ አንድም ብር አልወሰደም። አዳራሹ ቅዳሜ ባዶ ነው። ቡናውንና ስኳሩን ቤተሰቦቹ ራሳቸው ያዋጣሉ። የሚያግዙት መምህራን በነጻ ነው የሚመጡት። የረዳት መምህርቷ ደመወዝ ግን ከትምህርት ቤቱ በጀት ነው፤ ይህን አልደብቅም። የላይብረሪ ሠራተኛዋ ደመወዝም ከዚያው ነው። ልጃችሁ መጽሐፍ ተዋሰም አልተዋሰም ለእሷ ትከፍላላችሁ፤ እስከ ዛሬ በዚህ ቅሬታ ያቀረበ ወላጅ የለም።

ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ሳያዩ የፈረሙ ብዙ ናቸው። ልንገራችሁ። የሚመጡት የእኛ ተማሪዎች ቤተሰቦች ብቻ አይደሉም። ከግሽ ዓባይ ሰፈር ይመጣሉ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የሚመጡም አሉ። ልጆቹ በአንድ በኩል ይጫወታሉ፣ ወላጆች በሌላ በኩል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ስብከት የለም። አንዷ ልጇ ጥፍሩን ሲቆረጥ እንደሚያብድባት ትናገራለች። ሌላዋ እሷ እንዴት እንዳለማመደችው ታሳያታለች፦ ዛሬ አንድ ጣት ብቻ፣ ነገ አንድ ጣት ብቻ፣ መቀሱንም አስቀድሞ እጁ ላይ አስይዞ። ትእዛዝ በአጭር ቃል መስጠትና መልሱን ዝም ብሎ መጠበቅን ይማራሉ። አፍ ያልፈታ ልጅ ውኃ ሲፈልግ ከመጮህ ይልቅ የውኃ ሥዕል እንዲያነሳ ያለማምዳሉ። ደግሞም እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትይዝና እናቲቱ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። አንዳንዷ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። አንቀሰቅሳትም።

«ሐኪም በሌለበት ምን ይረባል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንልካለን። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን የቤተሰብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 ጊዜ በቡድን መሰብሰብና 3 ጊዜ ቤት ለቤት መጎብኘት ነው። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች እንዲሰጡት ታስቦ የተሠራ ነው። በአገራችንም አዲስ አበባና ገጠር ውስጥ ተሞክሯል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መምህራን ያሠለጥናል። ከተማችን ሰው አላጣችም። ያጣችው መሰብሰቢያ ቦታ ነው፤ እኛ ደግሞ አዳራሽ አለን።

የበሩንም ጉዳይ እዚሁ ልጨርስ። ጠዋት 2:15 ላይ በሩ መቆለፉ፣ ሲወጡም ጥበቃው «ልጁን ማን ነው የሚረከበው?» ብሎ መጠየቁ እንደሚያማርራችሁ ሰምቻለሁ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ሰው ሳያያቸው ወጥተው ይሄዳሉ፤ ውኃም ይስባቸዋል። እንዲህ ጠፍተው ሕይወታቸው የሚያልፍ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ውኃ ውስጥ ነው። ጣና ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ የልጇን አንጓ በነጠላዋ ጫፍ ከራሷ እጅ ጋር አስራ የምትሄድ እናት አይቻለሁ። መንገደኛው ቆሞ ይሰድባት ነበር። ልጁ ከዚያ በፊት ወደ ውኃው ሮጦ እንደነበር ያወቀ የለም። የጠየቃትም የለም። ዛሬ ያቺ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ናት። ልጇ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ እሷ ሁለት እጇን ነጻ አድርጋ ሲኒ ትይዛለች። ስለዚህ በሩ ይቆለፋል። የዘገየ ወላጅ ደወል ይጫን፤ ይከፈትለታል።

ልጁን ማዛወር የሚፈልግ ወላጅ መብቱ ነው። መሸኛው ሬጅስትራር ቢሮ ያለ ምንም ማጉላላት ይዘጋጃል። እንድትሄዱብን ግን አንፈልግም፤ ልጆቻችሁን እንወዳቸዋለን። የምንለምናችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ እንድትመጡ ነው። መጋቢት 19 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ለሁላችሁም ክፍት ነው። ከፈራሚዎቹም የሚመጣ ቢኖር ወንበር ይዘንለት እንጠብቃለን። እዚያ የሚመጡት እናቶች ስለ ወረቀቱ ሰምተዋል። አደራ፣ ጥያቄ ካላችሁ ለእኔ አቅርቡ፤ እነሱን አታስጨንቁብኝ።

መጋቢት 24 ሐሙስ ዓለም አቀፍ የኦቲዝም ቀን ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ሰልፍ የሚካሄደው ያለ ድምፅ ማጉያ ነው። መዝሙሩን ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ ይዘምራሉ። በረንዳ ላይ የሚቆመው ተማሪያችንም ከፈለገ ወርዶ ከክፍሉ ልጆች ጋር ይሰለፋል።

ደብዳቤው እንደደረሳችሁ በልጃችሁ መገናኛ ደብተር ላይ ፈርማችሁ እስከ ሰኞ መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህር