የሚያዋጣን ወንፈሉ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት ማሽንና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ የሚቋጨው ማሽን) አለኝ፤ አንዲት ልጅ አብራኝ ትሠራለች። በመንግሥት አጠራር "ጥቃቅን" የምንባለው እኛ ነን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ጥቃቅን ያለው እስከ 5 ሰው ያለውን ነው፣ እኔ ግማሹንም አልሞላሁ።

በየስብሰባው "ተደራጁ፣ ተባበሩ" ይሉናል። መተባበሩን ማን ይጠላል? እንዴት ብለን እንደምንተባበር ግን የሚነግረን የለም። ባለፈው ዓመት ክረምት የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ የግል ትምህርት ቤት 300 ዩኒፎርም ስፋልን አለኝ። ለመስከረም መድረስ አለበት። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ብቻዬን ብይዘው እስከ ገና አልጨርሰውም፣ አልችልም ብል ደግሞ ሥራው ወደ ትልቅ ድርጅት ሊሄድ ነው። "እችላለሁ" ብዬ ቀብዱን ተቀበልኩና በቀጥታ መንገዳችን ላይ ወዳሉት ሦስት ሰፊዎች ሄድኩ። ሁሉም "ምን ችግር አለው፣ እንረዳዳለን" አሉኝ። ቡና ተፈላ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ከጎረቤት ጋር ስለ ሳንቲም ማውራት ነውር ይመስለናላ!

ከዚያ ምን ሆነ? አንዱ ኮሌታውን ሰፋ አድርጎ ቆረጠው፣ ሌላዋ ጠበብ አድርጋ። ጨርቁንም በየፊናችን ስለገዛን ሰማያዊው ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። ርዕሰ መምህሩ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አዩና "ይሄ የስንት ትምህርት ቤት ነው?" አሉኝ። 40 ያህሉን ፈትቼ፣ ጨርቅም ከኪሴ ገዝቼ ደግሜ ሰፋሁ። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ደረሰኙ በኔ ስም ስለወጣ ገቢው ሁሉ የኔ ሆኖ ተመዘገበ፤ ጎረቤቶቼ ግን "ዋናውን እሱ በላው" ይላሉ። ከመሃላችን አንዱ ወር ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ጋ ሄዶ "እኔ በርካሽ እሠራላችኋለሁ" አለ። አልተቀየምኩትም ብል ውሸቴን ነው። እስከ ዛሬ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ፣ ደቦና ወንፈልን አይቀላቅሉም። ደቦ ሲጠራ ባለጉዳዩ ጠላውንና እህሉን ያቀርባል፣ ሰው ያግዘዋል፣ ይበላል፣ መርቆት ይሄዳል። ወንፈል ግን ቆጠራ አለው። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ከዋልኩ ነገ አንተ እኔ ጋ አንድ ቀን ትውላለህ። ይህን ቆጠራ ንፉግነት ነው የሚል ገበሬ አልሰማሁም። እኔ ለወንፈል ሥራ ደቦ ጠራሁ፣ ያውም በአንድ ጀበና ቡና!

ደግሞ እኮ መቁጠሩን እናውቅበታለን። የሰፈራችን ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ሥራ ስንካፈል ነው "ኧረ በመተማመን" የምንለው።

ዘንድሮ እንደገና ሞከርን። ከበፊቶቹ ሦስቱ ሁለቱ አብረውኝ ቀጠሉ፣ አንዲት አዲስ ሰፊ ተጨመረች። አሁን ቅዱን ለሁላችንም የሚያወጡት አንድ ሰው ናቸው፣ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ፤ እጃቸው ወርቅ ነው። ጨርቁን አንዳችን መርካቶ ወርደን በጣቃ እናመጣለን፣ የሄደው ሰው ትራንስፖርትና የዋለበት ቀን ለአራት ይከፈላል። በጅምላ ስንገዛ ዋጋው የሚቀንሰውን ለማመን ማየት ነው፤ ደግሞ ሰማያዊው አንድ ሰማያዊ ይሆናል። የአዝራር ቀዳዳ የሚሠራው ማሽን ያለው አንዱ ጋ ብቻ ስለሆነ በቀዳዳ እንከፍለዋለን። በፊት እኮ ለዚህች ለዚህች ሌላ ሰፈር ሄደን ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ሥራውን ያመጣ ሰው በየልብሱ የተወሰነ ብር ያነሳል፣ የተበላሸውን ያበላሸው ያድሳል፣ ያመጣውን ደንበኛ ደግሞ አንድ ዓመት ማንም በጎን አይጠጋበትም። ሁሉም አንዲት የደብተር ገጽ ላይ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ትምህርት ቤቱ የከፈለ ቀን የያንዳንዱ ድርሻ በቴሌብር ይገባል፣ እያንዳንዱም ለሠራበት የራሱን ደረሰኝ ይሰጠኛል።

ካዝናችንን አልቀላቀልንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባና አራት ሰዓት የገባ እኩል የሚካፈልበት ማኅበር በወራት ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፣ ለኛ ግን አይሆንም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ጠበቃ ይህን ስነግረው ሳቀና የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንኳ "የእሽሙር ማኅበር" የሚባል እንደነበረው ነገረኝ፤ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚጸና፣ በንግድ መዝገብ የማይገባ። ስሙ ራሱ ደስ አይልም?

አንድ ነገር ግን በኛ አቅም አይሆንም። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሙሉውን ትዕዛዝ ለአንድ ሰው ካልሆነ አንሰጥም ይላሉ። 300ውን በ75፣ በ75 ከፍለው ለአራታችን ቢሰጡን፣ ናሙናውን አንድ አድርገው ቢያስፈርሙን ምን ይጎዳቸዋል? ደረሰኙ በየስማችን ይወጣል፣ ግብሩንም እያንዳንዱ የድርሻውን ይከፍላል። ለክፍለ ከተማ ሰዎች ይህን ብናገር "ተደራጁና ኑ" አሉኝ። እናንተ ብትጠይቁልን ሌላ መልስ ይኖራቸው ይሆናል።

በዚህ ላብቃ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ጎረቤቴ በእግር የሚረገጠውን ማሽኗን ለቃልኛለች፣ 60 ሸሚዝ ይቀረኛል።

ልብስ ሰፊው፣ ከአዳማ